ሊጣል የተጻፈ ኮድ

ከቦሌ እስከ ጎሮ፣ ከገርጂ እስከ ሰሚት በተዘረጋው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ብዙ ቦታ ላይ የሚገኘው ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። እዚህ ፎቅ ሊያቆም ያሰበ ሰው የመሠረቱ ንድፍ ከመወሰኑ በፊት የአፈር ምርመራ ያስደርጋል። ማሽን መጥቶ በጥቂት ቦታ ጠባብ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፣ ጉድጓዱም ይደፈናል። የተፈለገው መልሱ ነበርና ጉድጓዱን የሚያስታውሰው የለም።

በእነዚሁ ሰፈሮች ፎቆች ላይ ተቀምጠው ሶፍትዌር የሚጽፉ ባለሙያዎችም እንዲህ ያለ ሥራ አላቸው። ስፓይክ ይሉታል፤ ጉዳዩ የመላውን ሥርዓት አወቃቀር የሚነካ ከሆነ ደግሞ የአርክቴክቸር ስፓይክ። አንድ ቡድን መልሱን የማያውቀው፣ መልሱ ከተሳሳተ ግን የወራት ድካም ገደል የሚገባበት ጥያቄ ሲገጥመው፣ ቀን ቆርጦ ትንሽ ኮድ ይጽፋል። ጥያቄው ሲመለስ ኮዱ ይጣላል፤ የተገኘው ዕውቀት ተጽፎ ይቀመጣል። ሐሳቡ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ የተጓዘ ነው። ጉዞውም አንድ ጊዜ ከአማርኛ ፊደል፣ ሌላ ጊዜ ከቦሌ ታክሲ ጋር ያገናኘዋል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።)

በ1970 ዊንስተን ሮይስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ትልልቅ የሶፍትዌር ሥራዎች እንዴት መመራት እንዳለባቸው የሚያወሳ አጭር ጽሑፍ አቀረበ። ጽሑፉ ዛሬ የሚታወቀው ሥራን እንደ ደረጃ ከላይ ወደ ታች በሚያወርደው ሥዕሉ ነው፤ ፍላጎት ይጠናል፣ ንድፍ ይወጣል፣ ኮድ ይጻፋል፣ ይፈተሻል። ብዙዎች ሥዕሉን ወስደው ከሥሩ የተጻፈውን ዘለሉት። ሮይስ ግን ይህ አካሄድ ብቻውን አደገኛ እንደሆነ አስጠንቅቆ፣ አዲስ ዓይነት ሥርዓት የሚሠራ ከሆነ ሥራው ሁለት ጊዜ ይሠራ ብሎ መክሮ ነበር። ፕሮጀክቱ 30 ወር የሚፈጅ ቢሆን 10 ወሩ ለሙከራ ሞዴል ይሰጥ የሚል ስሌትም አስቀምጧል።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በአይቢኤም የ«ኦኤስ/360»ን ግዙፍ ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ምክር አጠነከረው። የመጀመሪያው ሥሪት መጣሉ ስለማይቀር ከወዲሁ ለመጣል አቅዳችሁ ሥሩት አለ። በ1995 መጽሐፉ ሃያኛ ዓመቱን ሲይዝ ብሩክስ ወደዚህ ምክሩ ተመልሶ እርማት ሰጠበት፤ ሙሉ ሥርዓት ሠርቶ መጣል የሚለው ሐሳብ ሥራውን ሁሉ በአንድ ረጅም ዙር እንደሚያልቅ ስለሚቆጥር ልክ አልነበረም። ባሪ ቦህም በበኩሉ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራን በዙሮች ከፋፍሎ፣ በየዙሩ ከሁሉ አስቀድሞ ከፍተኛውን ስጋት መፈተን የሚል አካሄድ አቀረበ። ሮይስ መላውን ሥራ ሊያስደግም ነበር፤ ቦህም ግን የሚያስፈራውን ክፍል ብቻ ነጥሎ አወጣው። ይህ ለውጥ ትልቅ ነው፤ ሙከራው ከወራት ወደ ቀናት የሚያጥርበት መንገድ የተከፈተው በእሱ ነው።

ሙከራውን ወደ ቀናት ያሳጠሩት ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። በ1980ዎቹ በኦሪገን ግዛት ቴክትሮኒክስ በሚባል ኩባንያ ዋርድ ከኒንግሃምና ኬንት ቤክ አብረው ይሠሩ ነበር። አንድ ነገር ሲያስቸግራቸው ከኒንግሃም ደጋግሞ የሚያነሳው ጥያቄ ነበረው፤ በትክክለኛው መንገድ ላይ መሆናችንን የሚያሳምነን፣ ልንጽፈው የምንችለው ቀላሉ ነገር የትኛው ነው? ከችግሩ ወጣ ብለው ያችን ቀላል ነገር ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የተሻለ መፍትሔ ይገለጥላቸዋል። ለዚህ ልማድ ስፓይክ የሚለውን ስም ያወጣው ቤክ ነው።

በዚያው አሥርት ዓመት በስደት ላይ ያሉ ኢትዮጵያውያን ከአንድ ከባድ የአርክቴክቸር ጥያቄ ጋር ተፋጠው ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሥሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ በኩል፣ ኮሎራዶ ውስጥ ዶ/ር አበራ ሞላ፣ ሌሎችም በየቦታው የግዕዝን ፊደል ኮምፒውተር ላይ ለማስቀመጥ ይታገሉ ነበር። ችግሩ በአንድ ቁጥር ይገለጻል፤ የዘመኑ ኮምፒውተር ለአንድ የፊደል ሠንጠረዥ የሚሰጠው 256 ቦታ ብቻ ነበር። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነ ሟ፣ ኳና ጓ፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮች፣ ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉ ቦታው ይሞላና ይፈሳል። ላቲኑም ከዚያው ሠንጠረዥ ድርሻውን አስቀድሞ ይዟል።

መፍትሔዎቹ የብልሃት ነበሩ። ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ቅርጸ ፊደል ከፋፍሎ ማስቀመጥ አንዱ ነው። ሌላው የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ ሥሎ በስክሪን ላይ ማገጣጠም ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ በ1990ዎቹ «ሴራ» የተባለውን፣ አማርኛን በላቲን ፊደላት በወጥ ሕግ የሚጽፍ ሥርዓት አዘጋጁ፤ በኢሜይል ለሚጻጻፉ ሰዎች ትልቅ ዕፎይታ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥም እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ቢሮዎችን አዳረሱ፤ የጽሕፈት መኪናውን ከጠረጴዛ ያስነሱት እነዚህ ናቸው።

እያንዳንዱ ለዘመኑ ትክክለኛ መልስ ነበር፤ ሠሪዎቹም ምስጋና ይገባቸዋል። ችግሩ የመጣው ጊዜያዊው መልስ ቋሚ ቤት ሲሆን ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ሠንጠረዥ ነበረው፤ በአንዱ «ሀ» የተቀመጠበት ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነው። ደብዳቤው ቅርጸ ፊደሉ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናል። ግዕዝ ለዓለም ፊደሎች የጋራ ሠንጠረዥ በሆነው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 ምልክቶች ይዞ የገባው በመስከረም 1999 ነው። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ኮምፒውተር «ሀ»ን በአንድ ቁጥር ሊያውቀው ይችላል። ሆኖም ማይክሮሶፍት «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ቅርጸ ፊደል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2007 እስኪያቀርብ ድረስ ብዙ ቢሮ በአሮጌው ቆየ፤ አንዳንዱም ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም። በአሮጌው ሠንጠረዥ የተጻፈ መዝገብ ለመፈለግም፣ ለመደርደርም፣ ወደ ዳታቤዝ ለማስገባትም መለወጫ ፕሮግራም ይጠይቃል። ስለ ስፓይክ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ምሳሌ ቢያስብ ይጠቅመዋል። መዘግየቱ የማንም ስንፍና አልነበረም፤ የሠራ ነገር ለመጣል ስለሚያሳሳ ነው።

ወደ ቤክ ታሪክ እንመለስ። በ1996 ክራይስለር የተባለው የመኪና ኩባንያ የ87,000 ሠራተኞቹን ደመወዝ በአንድ ሥርዓት ለማስላት የጀመረው ፕሮጀክት ተቸግሮ ቤክን ጠራው። «ሲ3» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ይህ ሥራ እንደ አዲስ ተጀመረ፤ ሮን ጄፍሪስም ቡድኑን እንዲያሠለጥን ገባ። ሥርዓቱ በ1997 ወደ 10,000 ለሚጠጉ ሠራተኞች ደመወዝ መክፈል ጀመረ። ወደ ቀሩት ግን ሳይደርስ በየካቲት 2000 ተቋረጠ። ዘመቻው ሙሉ ድል አልነበረም፤ ይህን መደበቅ ታሪክ ማዛባት ነው። ከውስጡ የወጣው የአሠራር ዘዴ ግን ከፕሮጀክቱ በላይ ኖረ። ቤክ በጥቅምት 1999፣ ግዕዝ ዩኒኮድ በገባ በወሩ ገደማ፣ ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ብሎ የሰየመውን ዘዴ የሚያብራራ መጽሐፍ አሳተመ።

በ«ሲ3» የሠራው ዶን ዌልስ የዘዴውን አካሄድ በአንድ ሥዕል ሲያጠቃልለው የአርክቴክቸር ስፓይክን ከመጀመሪያው ላይ አስቀመጠው። ከስፓይኩ የሚወጣው ቀስት ወደ ሥራ ዕቅድ ይገባል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ቡድኑ ሥርዓቱ በምን ላይ እንደሚቆም በትንሽ ኮድ ሳያረጋግጥ ይህን በዚህ ወር እናደርሳለን ብሎ ቃል አይገባም። ሌላ ትንሽ ስፓይክም አለ፤ ዕቅድ ሲወጣ ይህ ሥራ ስንት ቀን ይፈጃል ተብሎ ማንም መገመት ሲያቅተው የሚጠራው። በየካቲት 2001 በዩታ ተራራማ መዝናኛ ስኖውበርድ የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች አጃይል የተባለውን የሶፍትዌር አሠራር መግለጫ ሲጽፉ ቤክ፣ ከኒንግሃምና ጄፍሪስ ከመካከላቸው ነበሩ። ዘዴው ከዚያ በኋላ ዓለምን ዞረ።

አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ጠበቀው። በአሜሪካ መጻሕፍት ውስጥ የአርክቴክቸር ስፓይክ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ዳታቤዙ ይህን ያህል ጭነት ይችላል ወይ፣ ሁለቱ ፕሮግራሞች ይግባባሉ ወይ ብሎ ነው። ቦሌ ላይ ለሚሠራ ቡድን ዋናው ጥርጣሬ ያለው ከኮዱ ውጪ ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት አገልግሎት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነበር። መልእክቱ ሁሌም ይሄዳል ብሎ የገመተ ሥርዓት በእነዚያ ሁለት ዓመታት አይሠራም ነበር ማለት ነው። መብራት፣ መስመር፣ አድራሻ፣ በደንበኛው እጅ ያለው የስልክ ዓይነት፣ እነዚህ ሁሉ የአርክቴክቸር ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ አይገኝም።

ከተማው የሶፍትዌር ማኅበረሰብ ማፍራት የጀመረው በ2010ዎቹ መጀመሪያ ነው። አይስአዲስ የተሰኘው የፈጠራ ማዕከል በ2011፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የሚሠራው አይኮግ ላብስ በ2013 ተመሠረቱ። የአሰላዋ ልጅ ሳምራዊት ፍቅሩም ሃይብሪድ ዲዛይንስ በተባለው ኩባንያቸው በ2014 ታክሲና ተሳፋሪን የሚያገናኝ አገልግሎት ጀመሩ። መነሻቸው አምሽተው ከሥራ ሲወጡ ታክሲ ለማግኘት የነበረው እንግልት፣ በየጉዞው የሚደረገው የዋጋ ክርክርና የደኅንነት ስጋት እንደነበር በቃለ ምልልሶች ተናግረዋል። ያ አገልግሎት ራይድ ነው፤ የመጀመሪያው መልኩም በአጭር መልእክት የሚሠራ ነበር።

ለምን አጭር መልእክት? የዚያን ዓመት አውታር ማስታወስ ያስፈልጋል። የኢትዮ ቴሌኮም 4ጂ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የጀመረው በመጋቢት 2015 ነው። ከዚያ በፊት የሞባይል ኢንተርኔት ደካማ ነበር፤ ስማርት ስልክ የያዘውም ሰው ጥቂት። መልእክት ግን በማንኛውም ስልክ ይላካል። በጠባቡ ትርጉም ይህ ስፓይክ አይደለም፤ ለደንበኛ የቀረበ አገልግሎት ነበርና። ከአርክቴክቸር አንጻር ላየው ግን ከኒንግሃም ያነሳው የነበረውን ጥያቄ ይመልሳል። ሰው ታክሲን ከመንገድ ዳር ከመጥራት ይልቅ በስልክ ያዛል ወይ? ሹፌሩስ የማያየውን ደንበኛ አምኖ ይመጣል ወይ? እነዚህ ካልተመለሱ ካርታ፣ ጂፒኤስና አፕ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ትርጉም የለውም።

መልእክት የሚጎድለውም ነገር አለ። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ምልክት ብቻ ነው፤ በላቲን 160 ይይዛል። ላኪው የት እንዳለ በራሱ አይናገርም፤ ቦታውን ሰውየው መጻፍ አለበት። እዚህ ላይ የምሥራቅ አዲስ አበባ ዋና ፈተና ይመጣል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ቢኖርም ነዋሪው የሚጠቀምበት እምብዛም ነው። «ከኤድና ሞል ጀርባ»፣ «ገርጂ መብራት ኃይል፣ ታክሲ ተራው ጋ»፣ «ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ» ይላል። ምልክት የተደረገው ሱቅ ቢዘጋ፣ ሕንፃው ቢፈርስ ስሙ ሰፈሩ ላይ ይቀራል። ከተማው ደግሞ እየሰፋ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች ተቆርጦ ለሚ ኩራ የተባለ አዲስ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። ትናንት «ቦሌ» የተባለ አድራሻ ዛሬ በመዝገብ ላይ ሌላ ስም አለው፤ የሰዉ አፍ ግን በቀድሞው ስም ይቀጥላል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የያዘ ቡድን ሊሠራው የሚገባ ስፓይክ ከባድ አይደለም። ሰዎች በስልክ ቦታ ሲናገሩ የሚጠቀሙባቸውን ሃምሳ ያህል አነጋገሮች ይሰበስባል፣ ለካርታ አገልግሎቱ በአነስተኛ ፕሮግራም ይልካል፣ የተመለሰውን ነጥብ ሰፈሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ያመሳክራል። ሁለት ቀን ይበቃል። ካርታው አብዛኛውን ካወቀ አፕ ብቻ ያዋጣል። ካላወቀ በሥርዓቱ ውስጥ ሰፈር የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት። ልዩነቱ በጀትን፣ ቅጥርንና የዳታቤዙን ቅርጽ ሁሉ ይለውጣል።

ራይድ በ2017 ሁለቱን አጣምሮ መጣ። ስማርት ስልክ ያለው በአፕ ያዛል፤ የሌለው ወይም መጻፍ የማይመቸው 8294 ይደውላል። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ደንበኛው የሚለውን ቦታ ሰምታ ወደ ሥርዓቱ ታስገባለች፣ ጥሪው በአቅራቢያው ላለው ሹፌር ይደርሳል፣ ሹፌሩም ደውሎ የቀረውን ከተሳፋሪው ጋር ይጨርሳል። ቦታ የማወቁ ሥራ ለሦስት ተከፋፈለ፤ ለካርታ፣ ለጥሪ ማዕከልና ለሹፌር። ጥሪ ማዕከሉን እንደ ኋላ ቀርነት ያዩት ነበሩ። በዚህ ጸሐፊ ዕይታ ግን ለከተማው የተሠራ ትክክለኛ አርክቴክቸር ነበር፤ ኡበር በ2015 መጀመሪያ ናይሮቢ ሲገባ ይዞት የመጣው ዓይነት አፕ ብቻውን አዲስ አበባ ላይ ያን ሁሉ ደንበኛ አይደርስም ነበር።

ቀጣዩን ፈተና ያመጣው ፖለቲካው ነው። ከሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የከፍተኛ ባለሥልጣናት ግድያዎች በኋላ ኢንተርኔት ተዘጋ። ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል ማግስት፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለሳምንታት ተቋረጠ። በየቢሮው ያሉ ባለሙያዎች ያኔ ሥርዓታቸውን ቁራጭ በቁራጭ መመርመር ግድ ሆነባቸው። የታክሲ ጥሪን ብንወስድ፣ በስልክ ለሚደውል ደንበኛ መንገዱ ክፍት ነው፤ የሹፌሩ አፕ ግን ጥሪውን የሚቀበለው በዳታ ነው። አንዱ ጫፍ በሕይወት ሆኖ ሌላው ሞቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በንድፍ ወረቀት ላይ ማየት ከባድ ነው። የሙከራ ስልክ ይዞ ዳታውን አጥፍቶ የትኛው ቁራጭ እንደሚቆም መመዝገብ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ አዲስ ሥርዓት ሲመከር «ኔትወርክ ቢጠፋስ?» የሚለውን ማንሳት እንደ ቅንጦት አይቆጠርም።

ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ቴሌብርን ይፋ አደረገ። መድረኩ የሁዋዌ ነው። ከአፑ ጎን *127# ተጭኖ የሚሠራበት መንገድ መኖሩ የዚያችኑ ጥያቄ መልስ ያሳያል፤ ተራ ስልክ የያዘ፣ ዳታ የሌለው ሰው ገንዘብ መላክ ይችላል። ብሔራዊ ባንክም ከዚያ በፊት በ2020 ለክፍያ ሥርዓት አንቀሳቃሾች ፈቃድ የሚሰጥበትን መመሪያ አውጥቶ ስለነበር እንደ አሪፍፔይ፣ ቻፓና ሳንቲምፔይ ያሉ የግል ድርጅቶች ገበያውን ተቀላቀሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኔትወርኩን በይፋ ጀመረ፤ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ኤምፔሳም በነሐሴ ወር ተከተለ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲደረግ፣ የክፍያ መልእክት መዘግየት ማደያ ላይ የተሰለፈ የመኪና ረድፍ ሆነ።

የቦሌ ቡድኖች ዛሬ ብዙ ስፓይክ የሚያወጡት በዚህ የክፍያ መስክ ላይ ነው። አንድ ድርጅት ዕቃ በኢንተርኔት ሊሸጥ አስቧል እንበል። ደንበኛው ይከፍላል፣ ብሩ ከሒሳቡ ይወጣል፣ «ተከፍሏል» የሚለው ማረጋገጫ ግን ወደ ሻጩ ሰርቨር ሲመጣ መስመሩ ይቋረጣል። ብሩ ሄዷል፤ ሻጩ ግን አላወቀም። ክፍያ ሰጪው መልእክቱን ደግሞ ይልካል? ስንት ጊዜ? ሁለት ጊዜ ቢደርስ ሥርዓቱ ሁለት ዕቃ ያስወጣል? ሰነዱ ይህን ሊጽፍ ይችላል፤ ሰነዱና እውነተኛው አገልግሎት ግን ሁልጊዜ አይገጥሙም።

ስፓይኩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ «ማረጋገጫው ሳይደርስ ቢቀር ክፍያውን በኋላ ጠይቀን ማወቅ እንችላለን ወይ?» ጊዜው ይገደባል፣ ለምሳሌ ሁለት ቀን፤ ካለቀ ያለውን መልስ ይዞ መቆም ነው። ኮዱ ውበት አያስፈልገውም። የመግቢያ ገጽ የለውም፣ የይለፍ ቃል አያስተዳድርም፣ ስህተት በትሕትና አያሳውቅም። አንድ ብር ይከፍላል፣ መሐል ላይ መስመሩን ሆን ብሎ ይቆርጣል፣ የሚሆነውን ይመዘግባል። ሰርቨሩን ያጠፋል፣ መልሶ ያበራል፣ ደግሞ ይመዘግባል። በሁለተኛው ቀን ማታ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይጻፋል፤ ምን ተጠየቀ፣ ምን ታየ፣ ምን ተወሰነ፣ በየትኛው ቀን። የመጨረሻው ነገር አስፈላጊ ነው፤ የክፍያ ሰጪው አገልግሎት ከስድስት ወር በኋላ ሊለወጥ ስለሚችል መልሱም ያረጃል።

ማስታወሻው ብዙ ጊዜ አወቃቀሩን ይለውጣል። ማረጋገጫን ከመጠበቅ ይልቅ በየጥቂት ደቂቃው ያልተቋጩ ክፍያዎችን እየጠየቀ የሚዞር ክፍል ይጨመራል። እያንዳንዱ ትእዛዝ የማይደገም መለያ ይሰጠዋል፤ ያው ማረጋገጫ አሥር ጊዜ ቢመጣ ዕቃው አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል። እነዚህ ከመጀመሪያው ሲታወቁ የቀናት ሥራ ናቸው። ሱቁ ከተከፈተ፣ ደንበኛ ማልቀስ ከጀመረ በኋላ ግን ዳታቤዙን መክፈትና የጠፋ ብር መፈለግ ይሆናል።

ከባዱ ክፍል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሁለት ቀኑ ኮድ ይሠራል፤ አንድ ብር ከስልክ ወጥቶ ሥርዓቱ ውስጥ ሲገባ በዓይን ይታያል። አለቃው ያየዋል፣ ደንበኛው ይሰማል፣ «ታዲያ አለቀ እኮ፣ ልቀቁት» ይባላል። የይለፍ ቃሉ በኮዱ ውስጥ ተጽፎ፣ ፍተሻ ሳይኖረው፣ የአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ የነበረው ነገር በማግሥቱ የሰው ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። የፊደሉ ታሪክ በሌላ መልክ ይደገማል። ስለዚህ ጥንቁቅ ቡድኖች ስፓይኩን ከዋናው ሥራ በተለየ ማኅደር ይጽፉታል፤ ሌሎችም ሆን ብለው ዋናው ሥርዓት በማይጠቀምበት ቋንቋ ይሠሩታል። አንድሪው ሃንትና ዴቪድ ቶማስ በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ በዚህ ላይ ጥሩ መለያ አስቀምጠዋል፤ ቀጭን ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሠራና የሚቀጥል ኮድ አለ፣ ለመማር ብቻ ተጽፎ የሚጣልም አለ። የመጀመሪያው ፍተሻና ጥንቃቄ ሳይጎድለው ከጅምሩ ይሠራል። አደጋው ሁለተኛውን ጽፎ እንደ መጀመሪያው መያዝ ነው።

ተቃራኒው ጥፋትም አለ። ጥያቄ የሌለው ስፓይክ ማለቂያ የለውም፤ «ቴክኖሎጂውን እያየን ነው» ሲባል ወር ያልፋል። ጥያቄውን መጻፍ ካልተቻለ ሙከራው አልተዘጋጀም ማለት ነውና ቡድኑ ወደ ነጭ ሰሌዳው ቢመለስ ይሻለዋል።

የቅርቡ ጥያቄ የመረጃው መኖሪያ ነው። ብዙ የኢትዮጵያ ሥርዓቶች ያደጉት በውጭ አገር የክላውድ ሰርቨሮች ላይ ነው። በከተማው ምሥራቅ በጎሮ አቅጣጫ በሚገኘው አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል የመረጃ ማዕከሎች መከፈታቸው ሁለተኛ አማራጭ አመጣ፤ ራክሲዮ የተባለው ኩባንያ በ2023 ሥራ ያስጀመረው እስከ 800 የሰርቨር መደርደሪያ እንዲይዝ የታቀደ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰዎችን መረጃ ወደ ውጭ ማስተላለፍን በሕግ ሥር አደረገው።

እዚህ ላይ አንድ ስፓይክ የሚመልሰው ጥያቄ አለ፣ የማይመልሰውም አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ደግሞ በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ ቢፈጥን እንኳ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም፤ በጂቡቲ በኩል በባሕር የሚሄደው ኬብል ይበልጥ ይረዝማል። ፕሮግራሙ ጎሮ፣ ዳታቤዙ ፍራንክፈርት ሆኖ አንድ ገጽ ለመክፈት 40 ጊዜ ተራ በተራ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ደንበኛው በመንገድ ብቻ ቢያንስ 2 ሰከንድ ይጠብቃል። ሁለቱን አንድ ቦታ ማድረግ፣ ወይም 40ውን ጥያቄ ወደ ሁለት መጠቅለል፣ ወይም ቅጂ አዲስ አበባ ማስቀመጥ፣ የትኛው እንደሚበጅ የሦስት ቀን ሙከራ በቁጥር ያሳያል። የትኛው መረጃ ከአገር መውጣት እንደሚችል ግን ኮድ ጽፎ የሚታወቅ አይደለም። ያን የሚመልሰው አዋጁና አዋጁን እንዲያስፈጽም ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ስለዚህ በስፓይኩ ማስታወሻ ላይ የሕግ ባለሙያው ስም ከመሐንዲሶቹ ጎን መጻፍ አለበት።